የፊሽካዋ ፍሬ

በቡሬ ሜዳ ላይ፣ ኅዳር በማለዳ፣
ዘጠኝ ሆነን ቆምን፣ ለፊሽካ እንግዳ።
ከዳር የተሰጣ በርበሬ ይሸታል፤
አንዱ ያስነጥሳል፣ ሌላው ይስቅበታል።

ጋሽ አንሙት መጣ ግራ እግሩን እየጎተተ፣
ዘጠኝ ፊሽካ ቆጥሮ በየእጃችን ከተተ።
«በሉ ንፉ» አለን። ኳስ የለም፣ ቡድን የለ።
«ለማን ነው ምንነፋው?» አንዱ ሳቅ እያለ።
«ለባሕር ዛፉ ንፉ፤ ዛፍ አይከራከርም፤
ዛፍ ፊት ያፈረ ሰው፣ ሰው ፊት አይቆምም።»

ነፋሁ። የኔ ፊሽካ ይቅርታ ጠየቀች፤
ገና ሳትሰማ ወደ ኪሴ አማተረች።

ጠጋ አለኝ። «ውባለም፣ በሆዷ ውስጥ ያለች
ፍሬዋን አይተሻል? ያቺ ካልዞረች
ፊሽካ ምንድን ነች? ባዶ ቀፎ ነች።
ግማሽ ትንፋሽ ማለት ግማሽ ፍርድ ነው፤
ሁለቱን ወገን ነው እኩል የሚያስቀይመው።»

ከሳሙና ካርቶን ቢጫ ቆርጠን ያዝን፣
ከማዳበሪያ ጆንያ ባንዲራ አበጀን።
እጅ ሲዘረጋ ክርን እንዳይታጠፍ፣
ዓይን ከኳሱ ቀድሞ እግር ላይ እንዲያርፍ፣
ሰው ሲጮህብንም ሰምተን እንዳልሰማን፣
አምስት ቀን ለዛፉ፣ ለዛፉ ነፋን።

ቅዳሜ ሆነና ጨዋታው ደረሰ፤
ሰው እስከ መስመሩ ጠርዝ ድረስ ፈሰሰ።
ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈር፣ ዐሥራ አምስት ያልሞሉ፣
የታላቅ ወንድም ማልያ የለበሱ ሁሉ።
መስመሩ ገና እርጥብ፣ በኖራ የተቀባ፤
ኳሷ ስትወጣ ነጭ፣ ነጭ ስትገባ።

ሰባት ደቂቃ ሲቀር፣ አንድ ለአንድ ሳሉ፣
ከማዕዘን ተሻማች፣ ልጆቹ ዘለሉ።
ታች ሰፈር በር ላይ፣ ደሳለው፣ ያ ቀጭን፣
ወረደች ከላዩ፤
እጁን ነው? ደረቱን?
አየሁ።
ወይም ያየሁ መሰለኝ።
ትንፋሼ ግን ሙሉ ነበር፣
ፍሬዋ ዞረች፣ ድምፁ ደረሰ ከዛፉ ዳር።
ክንዴን ዘረጋሁት፣ ክርኔም አልታጠፈ።
ፍፁም ቅጣት ምት።
ሜዳው ባንድ አፍ ለፈለፈ፦
«ፍረጂልን አልን እንጂ፣ መች ፍረጂብን አልን!»
አንድ ሽማግሌ ዱላውን አጋድሞ፣
«ተጠየቂ!» አለኝ፣ እንደ ጥንት ችሎት ቆሞ።
አልተንቀሳቀስሁም።
ሁለት ለአንድ ሆነ።
ጋሽ አንሙት ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ፤
ልቤ በኩራት ሞቀ።

ማታ ቦኖው ጋ ሄድሁ። ደሳለው ቆሟል፣
ጀሪካኑን ይዞ ተራ ይጠብቃል።
ማልያውን አላወለቀም፤ ቀይ ነው፤
ደረቱ መኻል ላይ
ክብ፣ ነጭ፣ የደረቀ ኖራ፣
እንደ ቀበሌ ማኅተም።
እጅጌው ላይ ምንም።
አየኝ። ማኅተሙንም እንዳየሁ አየ።
ቃል አልተናገረም። ውኃውን ቀድቶ ሄደ።

«ተሳስቻለሁ» አልሁት ጋሽ አንሙትን፣ ከደጁ ላይ ቆሜ።
«አውቃለሁ፤ ደረት ነበር።»
«ታዲያ ለምን ነቀነቅህ?»
«ለትንፋሽሽ ነዋ! እሱ ደህና ነበር።»
ያመመ ጉልበቱን እያሸ ዝም አለ።
ከዚያ፦ «አባቶች ሲሉ አልሰማሽም? በሕግ ከሄደች በቅሎዬ
ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች።
የዛሬዋ ጭብጦ የዚያ ልጅ ነበረች።
የፊሽካዋን ፍሬ ማዞር አስተማርሁሽ፤
ፍሬ ነገሩን ግን እኔ አልነፋልሽ።
በይ ግቢ፣ መሽቷል፤ እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ሳይጀመር ጨዋታ፣
ደሳለውን ጠራሁት ከመስመሩ ቦታ።
«ደረትህ ነበር» አልሁት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ።
ትከሻውን ሰበቀ።
«ሁለት ለአንድ ተብሎ ተጽፏል» አለና
ካልሲውን ጎትቶ ሮጠ።

ይኸው አምስት ዓመት፤
ዛፎቹ ተቆርጠው አጥር ሆነው ቆመዋል፣
በኔ እጅም ዘንድሮ ሰባት ጀማሪዎች አሉ።
ሙሉ ትንፋሽ ንፉ፣ እላቸዋለሁ። ክርን አይታጠፍ።
ለነሱ ያልነገርሁት፦
ሜዳ ከመግባቴ በፊት፣ ማንም ሳያየኝ፣
ፊሽካዋን ከጆሮዬ አስጠግቼ አነቃንቃታለሁ፤
ፍሬዋ ትንኳኳለች፣
ትንሽ፣ ደረቅ፣
እንደ ዱላ ጫፍ በድንጋይ ላይ፦
ተጠየቂ፣
ተጠየቂ።