ከአሥር ስንት?

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከፎቁ ምድር ቤት፣
አራት ትንሽ ብርጭቆ፣ አንድ የቆየ ደረሰኝ፣ እኔና ጉልላት።
«የአርሲ ጠመቃ ነው» አለች አስናቁ፣
«ቅመሱና ፍረዱ፤ ብቻ እንዳትስቁ።»

የመጀመሪያው ቀይ፣ አረፋው የቸኮለ፤
«አምስት» አልኩኝ እኔ፤ «ሦስት ይበዛል» አለ።
ሁለተኛው ማር ማር፣ ጌሾው ለሽታ፤
ስድስት ጻፍንለት፣ አንዷ የይሉኝታ።
ሦስተኛውን እንለፈው።

አራተኛው ጥቁር። ጉልላት ቀመሰ፤
ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ ዋጠና ተነፈሰ፤
«ይሄን ገብስ ውርጭ መትቶታል፤ ውርጩንም አውቀዋለሁ፤
ያው ማሳ ነው፣ ሽጬው የመጣሁ።»

ሳቅሁበት። በምላስ ማሳ ይለያል ሰው?
«እሺ፣ ስንት ልጻፍ?» እስክሪብቶውን ወሰደው፤
«አራት» ብሎ ጻፈ፤ ሰረዘው፤ ጻፈው።
«አስናቁ፣ ከዚሁ ድገሚኝ፤ በትልቁ አድርጊው።»