ያልተመለሰው ብርሃን

ሳቅር ወደብ፣ ራስ አል ኸይማ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
መርከቧ ጥቁር ተራራ አዝላ ቆማለች ከመብራቱ ፊት።
ጉል ዘማን ከክሬኑ አናት እየዘገነ ያወርዳል፤
ትቢያው በነፋስ ተሳፍሮ በር ሳያንኳኳ ይገባል።
ለእኔ ከተራራው ሁሉ የሚደርሰኝ አንድ እፍኝ ነው፤
ከእፍኙም አንዲት ቁንጥር፣ ከቁንጥሯም ብናኙ ነው።

እፈጫለሁ።
ለአንድ እጁ ሁለት መቶ እጅ ነጭ ጨው እቀላቅላለሁ፤
ከመጭመቂያው ሥር አስገብቼ አሥር ቶን አሸክመዋለሁ።
ሲወጣ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል፣ እንደ ጉም የሳሳ፤
ከሰል መሆኑን የረሳ።

ከዚያ ታህተ ቀይ ብርሃን፣ ዐይን የማያውቀው፣ ይለቀቅበታል፤
ከገባው ምን ያህል ወጣ? መስመሩ ይህንን ይስላል።
ያለፈው ዝም ነው፤ ተሻግሮ ሄዷል፣ ወሬ የለው፤
የከሰሉን ስም የሚጠራው እዚያው የቀረው ነው።

ሳሲዳራን፣ የኬረላው አለቃዬ፣ ይህን ነበር ያስተማረኝ፦
«ሰፊው ሸለቆ ውሃ ነው፤ ጥንዱ ጥርስ የሚነደው» ሲለኝ፣
«ከሸለቆው አፋፍ በላይ ቀጫጭን መርፌ ከቆመ፣
ሸክላ አፈር ነው፤ በከሰል ስም ሊሸጥ የተሸለመ።»
ያኔ ወለል ጠራጊ ነበርሁ። መጥረጊያዬን እንደያዝሁ
«ይሄስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።
ሳቀ። በሳምንቱ ጓንት ሰጠኝ።

ዛሬ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት «ውሃ ስምንት፣ አመድ አሥር» ይላል፤
ሸለቆው ግን ተንጣሏል፤ መርፌውም ተደርድሯል።
የሻጩ ወኪል ውጪ ነው፣ ሞተሩን አላጠፋም፤
«እኅቴ፣ መርከብ ቆሞ ያስከፍላል፤ ፈርሚ፤ ምድጃ አይመርጥም።»

እኔንም አይተውኛል እንዲህ፣ የመጣሁ ሰሞን፣ ጤና ማዕከሉ፤
ሃምሳ ሴት ባንድ ሰልፍ። «ደረትሽን አስጠጊ» አሉ።
ቀዝቃዛውን ብረት አቀፍሁ፤ ትንፋሼን ያዝሁ፤ አለፍሁ።
ከፊቴ የነበረችው ትደነቂያለሽ ግን ሳንባዋ ላይ ጥላ ታየ፤
የልጅነት ጠባሳ ይሁን ሕመም፣ ደግሞ ማንም አላየ።
በማግስቱ በመጣችበት አውሮፕላን መለሷት።
ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ አልፈርምም፤ አልከስም፤ እንደገና እፈጫለሁ።
ይህ ባሕረ ሰላጤ ላብ ነው፤ ጨውም ውሃ ይጠጣል፣ አውቃለሁ፤
ምናልባት ሸለቆው የከሰሉ ሳይሆን የዚህ አየር ይሆናል።
ጨውን በምድጃ አድርቄ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ሸለቆው ጠበበ። ውሃው ስምንት ነው። አፈርሁ በጥርጣሬዬ፣ በሐሜቴ።
መርፌዎቹ ግን አልተነቃነቁም።
ሦስቴም እዚያው ቆመዋል።

«ውሃ፦ እውነት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬ፦
«አመድ፦ አሥራ ስምንት»፤ ከሥሩ ስሜ፣ ከጎኑ ሰዓቱ።
አክስቴ «እጅሽ አመድ አፋሽ ነው» ትለኝ ነበር፣ ሰው ረድቼ ስሰደብ፤
ይኸው ዛሬ በመቶኛ አፈስሁት፣ በዐረብ ወደብ።

ውጪ ሞተሩ ጠፋ።
ጉል ዘማን ሬዲዮው ጠራው፤ ወደ እኔ መስኮት ተመለከተ።
ክሬኑ ከባሕሩ በላይ ቆመ፣
አፉን እንደከፈተ።