የወንበር ጥምቀት

ዝናብ ነው በኮርክ። መቼስ ሌላ ምን አለ፤
ወንዙ ዳር ያለው ፋብሪካ በብቅል ጠረን ተነክሮ ዋለ።
እኔ ጠማቂ ነኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ገብስ ሳፈላ፣ በርሜል ስቆጥር፣ ጋን ሳጥብ የኖርኩ፤
የማውቀው ጥምቀት ይኸው ነው ብዬ፣ ሌላውን በልጅነቴ የተውኩ።

ሙረን አራት ዓመት ሲሞላት፣ ኦርላ ቅጹን ይዛ ሄደች፤
ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ፣
ደወሉ አልጋችን ድረስ ከሚሰማው ትምህርት ቤት ደረሰች።
ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣
መልሳ አጠለቀች።
«ልጆቹ ሰባ፣ ወንበሩ ሃምሳ ስድስት።
ቅድሚያ ለተጠመቁት።
ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»
እውነቷን ነው። እሷ አይደለችም።

ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ፣
ሰልፉ ልጅ ሳይወለድ የሚጀመር፣ ልጅ አድጎ የማይደርስ።
መንግሥት ግብሬን ሲቀበል የጥምቀት ወረቀት አልጠየቀም፤
ከደመወዜ ቆርጦ ሲወስድ፣ አመንክ ወይስ ካድክ ብሎ አልተጨነቀም።

ያን ማታ ተጣላን፤ ልጅቷ እንዳትሰማ፣ በሹክሹክታ።
«ውሃ ነው» አለች ኦርላ፤ «ፀጉሯ ሳይደርቅ ይረሳል።»
«ውሃ ከሆነማ» አልኩ፣ «ዝናቡስ የት ሄዷል?
እዚህ አገር ያልተጠመቀ ማን ይገኛል?»

እናቴ በስልክ ሰምታ አለቀሰች፤ በደስታ።
እኔ የለበስኩትን ነጭ ቀሚስ ከብል ጠብቃ ኖራ፣
በስስ ወረቀት ጠቅልላ ላከችው በፖስታ።
ለወንበር ነው እማ፣ ልበላት?
ዝም አልኳት።

ቅዳሜ። አባ ዲክላን ገንዳው አጠገብ ቆመዋል፣
ጫማቸው በረገጡ ቁጥር ጭቅ ጭቅ ይላል።
«ሰይጣንን ትክዳላችሁ?»
«እንክዳለን» አልን። ይኼ ቀላል ነው።
«በአንዱ አምላክ ታምናላችሁ?»
ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ።
«እናምናለን» አልኩ፤ አፌ ገባ፣ ልቤ ደጅ ቀረ።
ያውቃሉ ሰውየው። በዚያ ዓመት አርባ ሕፃን፣ አርባ ቅጽ፣
አርባ አባት እንደ እኔ የሚያቀረቅር፤
ያውቃሉ፤ ግን በዛጎል ቀድተው ውሃውን አፈሰሱት፣ ቀስ ብለው፣ በፍቅር።
ሙረን ሳቀች።
ኩርኮራ መሰላት።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጠሁ።
ወንበር አገኘን። ሸጥኩ ልበል፣ ገዛሁ?

ታናሿ ታይግ ሲደርስ ሕጉ ተለወጠ።
በርሜል ሳንከባልል በሬዲዮ ሰማሁ፣
ጓንቴን አውልቄ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።
«ምነው ሦስት ዓመት ቀደም ብላችሁ ቢሆን!»
ሬዲዮው አልመለሰም፤ ወደ አየር ትንበያ ዞረ፤
ዝናብ፣ አለ፤ እስከ ሐሙስ።
ታይግ ያለ አንዲት ጠብታ፣ በስሙ ብቻ ገባ።

አሁን ሙረን አሥር ሆናታል።
ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ከግድግዳው ማዶ ድምጿ ይሰማኛል።
ለአያቷ ጉልበት፣ ለጎረቤት ድመት፣
ለወንድሟ፤ «እሱ አልተጠመቀምና አንተው እየው» እያለች፤
ለእኔም። «አባቴ ሥራ ስለሚበዛበት ነው የማይመጣ» ትለዋለች።
ትዋሽልኛለች፣
ለማላምነው አምላክ፣ የምታምነው ልጄ።

ትናንት ፎቶውን ይዛ መጣች፤ ነጩ ቀሚስ፣ ያ ሳቅ፣ የአባ ዲክላን እጅ።
«አባዬ፣ ይህን ለምን ሰጠኸኝ?»
ሃምሳ ስድስቱን ወንበር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
እጄ ብቅል ብቅል ይሸታል።
ጠማቂ ነኝ፤ አንድ ነገር አውቃለሁ፤
እርሾ፣ የጣለው እጅ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፣
ለምን ደመወዝ እንደጣለውም።
«ላንቺ አስበን» አልኳት፤ ግማሹ እውነት ነው።

ዛሬ እሑድ ጃንጥላ ይዤ እስከ ደጁ ሸኘኋት።
ገባች። እኔ ከዝናቡ ጋር ቀረሁ።
ውስጥ ባዶ ወንበር ይኖር ይሆን?
አልጠየቅኩም።
ብዙ ነው አሉ።