ቀሪ

በጭነት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣
አንድ ቃል ተጽፏል፤ ማብራሪያ የለም፤
«ቀሪ»።
ከሥሩ፦ የባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ ከዚራ፣
ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት፤
መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም፤ ለሕፃን በነፃ።

ልሳኑ ድርሰቱን ቆራርሶ ነው የሰጠን፣
ለየአፋችን ልክ እየመጠነልን።
ሙሉውን ግን እሱ በብብቱ ይዞ፣
የመጨረሻዋን ገጽ «ቅዳሜ አመጣለሁ» ብሎ።

ቅዳሜ ሞላ አዳራሹ።
ከመጋላ መጡ፣ ከገንደ ቆሬ መጡ፣
ወንበር ያጡት መስኮት ላይ ወጡ።
ደቻቱ ደርቆ ነበር፤ ወበቁ አሸዋው ላይ ተኝቷል።
እኔ መጋረጃ ሳቢው፣ ገመዱን ይዤ፣
መዳፌ ላይ ሁለቴ ጠምዝዤ፣
ስጠብቅ፣
ስጠብቅ፣
የማታው ባቡር ጮኾ አለፈ፤
ልሳኑ ቀረ።

ሄደ ያለ አለ፤ ወሰዱት ያለ አለ፤
ጅቡቲ አየሁት ያለው ሁለቴ ማለ።
መጋረጃው ግን አልተከፈተም።
ገመዱ የላጠው መዳፌ ላይ፣ ጠባሳው አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ በዓመት በዓመቱ፣ በዚያችው ቅዳሜ፣
በኋላው በር እንገባለን፣
የተሰበሩትን ወንበሮች ከግድግዳ አስደግፈን።
ዘቢደር ከደብተሯ ስም ትጠራለች፤
የተጠራው «አቤት» አይልም፣
ከድርሻው አንዲት መስመር፣ በያኔው ድምፁ፣ ይላል።
«ሮብሌ!»
«ፋኖሱን ዝቅ አርገው፣ ሐዲዱ ይሰማናል።»
«ሽኩሪያ!»
«ዕዳዬን ካልቆጠርክ፣ እኔን በምን ታውቀኛለህ?»
«ኢምራን!»
ኢምራን ሞቷል። መስመሩን ሚስቱ ትላለች፣
እሱ «ዝናብ» ይለው የነበረውን «ዘመድ» ብላ።
አንድም ቀን አላረምናትም።
«ልሳኑ!»
ዝም።

ከዝምታው ቀጥሎ ክርክር ነው፣ እንደ ጸሎት መዝጊያ።
ሠላሳ ዓመት ፉርጎ ሲያቆላልፍ የኖረው ሮብሌ፦
«ቀሪ ማለት፣ አቦ፣ ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ ነው፤
መጋዘን ጥግ፣ በኖራ ስም የተጻፈበት።»
ሽኩሪያ፣ ከከፊራ የመጣችበትን የዱቤ ደብተር እያጠፈች፦
«ቀሪ ያለበት ሰውማ ተመልሶ ይመጣል።
ከፍሎ የጨረሰ ነው፣ ወንድሜ፣ የሚጠፋው።»
ዘቢደር መምህር ናት፦ «ቀሪ ቀሪ ነው፤
ከስም ጎን የምትሰመር ጭረት።»
እኔ ድርሻ አልነበረኝም፤ ዝም እላለሁ።
በሆዴ ግን፦
እኛ እዚህ ሆነን «ቀረ» እንለዋለን፤
እሱም የትም ይሁን የት፣ «ቀሩ» ይለናል።

ዘንድሮ የኢምራን ሚስት አልመጣችም፤ ጉልበቷ።
የዘበኛው ልጅ ሂንዲያ፣ በሩ ሥር ካለው አምፖል
የቤት ሥራዋን ትጽፋለች፤
እርሳሷን እየላሰች።
ሮብሌ አለ፤ ሽኩሪያ አለች፤
የኢምራን ተጠራ፤ እኔ፣ ከነስሕተቱ፣ «ዘመድ» አልኩለት።
«ልሳኑ!»

«ቀሪ!»

ቀና እንኳን አላለችም።
ክፍል ውስጥ፣ ላልመጣ ልጅ፣ ጓደኞቹ እንደሚጮኹለት
ከሆዷ አውጥታ፣ ጥርት አድርጋ፣
እስከ ኋለኛው ወንበር በሚሰማ ድምፅ።
ዘቢደር እስክሪብቶዋን ጣለች።
አርባ ዓመት ርእስ መስሎን ነበር፤
ለካ መስመር ነው፤
ለካ ተራው ደርሶ፣ ባለ ድርሻው ያጣ መስመር፤
ስለሌለው ሰው፣ ያለ ሰው የሚመልሰው።

ተነሣሁ። መጋረጃውን አይጥ ከበላው ቆይቷል፤
ገመዱ ግን አለ።
ሳብኩት።
ምንም አልተከፈተም፤ አቧራ ወረደ፣
ሮብሌ አስነጠሰው፣ ሳቅን።

ልጅቷ ደብተሯን ዘጋች፦ «ልሳኑ ማነው?»
ሽኩሪያ ጠጋ ብላ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላት፤
«ነይ ተቀመጪ» አለቻት፤
«መግቢያ ለሕፃን በነፃ ነው።»