ይሰማል፣ አይሰማም

በኬዮን ወደብ ላይ ዝናብ ሳያባራ፣
ራዲዮዋን ታቅፋ ገባች ኤደልሚራ።
ጫማዋ ላይ የዓሣ ቅርፊት፣ መዳፏ ላይ የገመድ ጠባሳ፣
ጠረጴዛው ላይ አጋደመች ያንን የብረት ሬሳ።
ከካፖርቷ በሚወርድ ውሃ ወለሉን እያራሰች፣
«ይሰማል፣ አይሰማም» አለች፤ ሌላ ቃልም አልጨመረች።

ላልቶ ሲነበብ ይሰማል፤ ጠብቆ ሲነበብ አይሰማም፤
በጨው አገር ይህ ሕመም አዲስ ደዌ አይደለም።

ኒባልዶ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፣
እኔን ባትሪ አስይዞ፣ ክዳኑን በመፍቻ ነቅሎ፣
አስቀድሞ አሸተተ። የተቃጠለ ነገር የለም።
«ያልነደደ ይድናል» አለ። ሁልጊዜ ይህን አይልም።

መግቢያው ላይ አሥራ ሦስት ቮልት፤ ፊውዙም ገና ጤና፤
ሞገድ ባሕሩን እንዳይረብሽ ሬዚስተር ሰካ፣ ነቅሎ አንቴና።
ቁልፉን ተጫነ። ቀዩ መብራት «እያወራሁ ነው» አለ በኩራት፤
መርፌው ግን ዜሮው ላይ ተኝቷል፣ እንደ ጠገበ ድመት ከራት።

ከዚያ ዱካ ፍለጋ። ከማይክሮፎኑ ጀምሮ፣
ድምፅን ደረጃ በደረጃ፣ እንደ ሌባ ኮቴ ቆጥሮ።
ክሪስታሉ ይርገበገባል፤ ማጉያው በጣት ይፋጃል፤
እስከዚህ ድረስ ድምፅ ነበረ፤ ከዚህ ወዲያ ግን ጠፍቷል።

ያኔ ነው ሳትጠየቅ የተናገረችው፦
«ወንድሜ ሰጉንዶ በማዕበል ሌሊት ሲጣራ እሰማለሁ፤
ሞተሩ ቆሟል፣ ውሃ ገብቷል። ‹አለሁ› እላለሁ፣ ‹አለሁ›፤
አልደረሰውም።
ሌላ ጀልባ ጎተተው፣ ዳነ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ፣
አንድ ወደብ እየዋልን፣ ‹ዝም አልሽኝ› ብሎ ዘጋኝ እንዲህ።»

ኒባልዶ ቀና አላለም። ጠቆመኝ። በሪሌዩ ምላስ ላይ፣
ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ አረንጓዴ ዝገት ይታያል እንዲያው ስናይ።
ለመስማት ሲሆን የሚነካው ጫፍ ያበራል፣ ንጹሕ ነው፤
ለመናገር ሲዞር የሚያርፍበትን ግን ጨው ነው የዘጋው።

ወረቀት ቀደደ፤ አልኮል ነክሮ በስሱ አበሰ፤
መርፌው ብድግ አለ፣ ሃያ ዋት ደረሰ።

አንቴናውን መለሰ። ማይክሮፎኑን አቀበላት።
«ሰጉንዶ፣ ኤደልሚራ ነኝ፤ ይሰማል?» ድምጿ ሰለለባት።
የባዶ ሞገድ ሹክሹክታ።
ከዚያ አንድ ጠቅ። ደግሞ ጠቅ።
የመቀበያው መርፌ ከፍ፣ ዝቅ።
ቁልፍ የተጫነ እጅ አለ፤ ቃል ግን የለበትም።
«የቀረው ብልሽት» አለ ኒባልዶ፣ «በእኔ መፍቻ አይፈታም።»

ሒሳቡ አራት ሺህ ፔሶ። ከፈለች። አልሄደችም።
ቁልፉን ለቃ ጆሮ ሰጠች፤ ዝናቡን እንኳ አልሰማችም።