ገመድ ያልለካው

አባታችን ሲያወርሰን የዘንዘልማን መሬት፣
ሽማግሌ ጠርቶ፣ ገመድ አስይዞበት፣
ለአንጓችም ለእኔም እኩል ነው ያረገው፤
አንድ ክንድ ቢተርፍ ለአጥር ነው የተወው።
ለዚያች ክንድ ሦስት ዓመት ተኳርፈናል።

ዛሬ ፈለገ ሕይወት፣ ካርድ ይዘን ተቀምጠን፣
የጣና ነፋስ በመስኮት ሲያገኘን፣
ልቧ ይዘልላል፣ መረብ እንዳገኘው ቀረሶ፤
ዓይኗ ፈጧል፣ እንቅልፍም የላት ጨርሶ።
እኔንም ያው እንቅርት፣ ያው ደዌ ነው የያዘኝ፤
ጠዋት ግማሽ ኪኒን ስውጥለት ቀኑን ሙሉ የሚረሳኝ።

ሐኪሙ የማዘዣውን ጀርባ ገልብጦ ዛፍ ሣለ፤
አያት፣ አክስት፣ እኛ። «ዘረመል ነው» አለ፤
«ዘበኛው ዞሮ የገዛ ቤቱን በር ሲሰብር፣
አንዱ ቤት በጡጫ ነው፣ አንዱ ቤት በጦር።
ከደም የመጣ አለበት፤ ሁሉን ግን አናውቅም።»

አንጓች ሣቀች፤ እጇ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።
«አየሽ፣ አባባ ይቺን ያለ ገመድ ነው ያካፈለን፤
ለአንቺ ዳር ዳሯን፣ ለእኔ መሐሏን።»

ለዚህ ሽማግሌ አይጠራ። ዝም ብዬ እጇን ይዣለሁ፤
«አንጓች ይርዳው!» ሲባል
ቀድሜያት ተነሣሁ።