የሌሊት ደጅ

ብርኖ ላይ፣ የትራም ሐዲድ ከሚያልቅበት፣
አንድ ምድር ቤት አለ፣ የቀለም ሽታ ያደረበት።
ቤቱ ተሸጧልና ሣጥኑን አንሣ አሉኝ፤
ከቀረነው ሦስት፣ ሁለቱ፣ ጉልበት ከዳቸውና፣ እኔን ላኩኝ።
ሰባ ዓመት ሌሊት፣ በሲባጎ ታስሮ፣
ወር በወር ተጠርዞ፣ በቁጥር ተሰድሮ።

የመጀመሪያው ዕትም አሥራ ሁለት ቅጂ ነው፤
ቭላስቲሚል የሚባል ትራም ነጂ በእጁ ያባዛው።
ቀን ሐዲድ ይከተላል፣ ወደ ግራ ልበል ቢል አይችልም፤
ማታ ቀና ይላል፤ ሰማይ ሐዲድ የለውም።
መስተዋቱን ራሱ ሞረደ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ፣
ሚስቱ ስድስት ወር ሙሉ ሾርባዋን ጠጣች መስኮት ላይ ተክዛ።
የመጽሔቱን ስም ያወጣችው እሷ ናት፣ በምሬት፦
«ባሌን የሚፈልግ ካለ፣ የሌሊት ደጅ ነው፤ እዚያ ጠይቁት።»

ጦርነት መጣ፤ ከተማው መብራት አጥፋ ተባለ፤
ፍኖተ ሐሊብ ከጣሪያ እስከ ጣሪያ ዋለለ።
እንዲያ ያለ ሰማይ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልታየ፤
ደስ ያለው ሁሉ፣ ደስ ስላለው ተሰቃየ።
የዚያ ወር ዕትም አንድ ገጽ ነው፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር፦
«ሰማዩ መልካም ነበር። ስለ ምድር አንናገር።»

ቀጥሎ ሳንሱር መጣ፣ ባለ ሹል እርሳስ፤
«ቀይ ግዙፍ ኮከብ፣ ነዳጁን ጨርሶ ሲፈርስ»
የሚለውን ሐረግ አይቶ ዝም አለ ረጅም ጊዜ፤
«ቀዩ ለምን ይፈርሳል?» አለ በትካዜ።
ሊቡሼ መለሰች፣ የጨረቃ ሠንጠረዥ የምትሠራው ሴት፦
«አይሥጉ ጓድ፣ ገና ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ዓመት።»
ሐረጉ አለፈ።
ሳንሱሩም፣ ቆይቶ፣ አለፈ።

እኔ የመጣሁት ሌንስ መሞረድ ልማር ነበር፤
ለኪስ ገንዘብ ብዬ፣ ማታ ማታ፣ እዚህ ፊደል ስደረድር
እናቴ ጻፈችልኝ፦ «ኮከብ ቆጣሪ ሆነ ይሉሃል፤ እውነት ነው?
እስቲ የእኅትህን እጮኛ እየው፤ ኮከቡ እንዴት ነው?»
«እማዬ፣ እኛ የምንቆጥረው ሌላ ነው» ብዬ ብጽፍላት፣
«ታዲያ ለማን ይጠቅማል?» አለች። መልስ አጣሁላት።

አንድ ጥር፣ ሊቡሼ የግርዶሹን ሰዓት አነበበችልኝ፦
«ማታ፣ ስምንት።» ጆሮዬ ሰማ፤ እጄ ግን አልሰማኝ፤
የእነሱ ስምንት በእናቴ ቤት ሁለት ነው፤
ሁለት ብሎ ደረደረ፤ ታተመ፤ ሠላሳ ሺህ ነው።
ሠላሳ ሺህ ቤት ደወሉን ሞላ፣ እንደተጻፈው ለሁለት፣
የእነሱ ሁለት፦ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ውሻ እንኳ የማይጮኽበት።
በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበው፣ ልጅ አቅፈው፣ በረዶ ላይ ቆሙ፤
ጨረቃ ግን ሥራዋን ጨርሳ፣ ታጥባ፣ አናት ላይ፤ ምንም ያልገጠማት፣ ምንም።

መቶ ሰባት ደብዳቤ መጣ። መቶ ስድስቱ ስድብ ነው፤
ስድቡን ሁሉ ሊቡሼ በራሷ ስም ተቀበለችው።
አንዱን ግን ደብቄ አስቀረሁ፤ የኦስትራቫ ሽማግሌ ነው የጻፈልኝ፦
«ግርዶሽ ብዬ ተነሣሁ፤ ግርዶሽ የለም። አልተናደድኩም፣ እመኑኝ፤
ሙሉ ጨረቃን እንዲያ፣ ሙሉ ሆና፣
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ አላየሁም፣ ቀና ብዬ፣ እንደ ገና።»
ለእናቴ ጥያቄ
መልሱን ያኔ አገኘሁ፤ ግን እንዴት ብዬ ልጻፍላት?

ከዚያ የመንገድ መብራቱ በዛ፤ ሰማዩ ነጣ፤
ደንበኛውም አንድ አንድ እያለ ወጣ።
(ኮከብ ወጣ ሲሉ መጣ ማለት ነው፤
ደንበኛ ሲወጣ ግን፣ መውጣቱ ነው።)

የመጨረሻው ዕትም እነሆ፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፤
ሊቡሼ ሁለት ዓመት ቀድማ ስለምትሠራ፣ ከሞቷ ወዲያም ሠንጠረዡ አልተቋረጠ።
ገጹን ቀድጄ ወስጄ ማቀዝቀዣዬ በር ላይ ለጠፍኩት፤
የዛሬውን አየሁ፦ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ በእኔ አቆጣጠር። ሁለቴ አረጋገጥኩት።
በረንዳ ወጣሁ።
ደመና ነው፤ ከምሥራቅ እስከ ጫፍ፣ ቀዳዳ የሌለው።
ቢሆንም ቆምኩ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ እስኪደርስ።
ሊቡሼ ካለች፣
አለች።